«ታይቷል» ስለተባለው ማሞቂያችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ግራንት ሃሊዴይ
የኪራይ ቤቶች ወኪል
ባላራት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ለደብዳቤ ወግ ብዬ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ባለፈው ማክሰኞ ከግቢያችን ሲወጡ አጥር አጥሩን ይዘው ስለነበር ከልቤ አስቤያለሁ። ራስዎ ቀለል፣ እግርዎ ቀጥ ብሎ፣ የሐምሌው ብርድም ኮትዎን ሳያልፍ ይህ ደብዳቤ በደህና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

እኔ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቤት ከአያቴ ከክላይቭ ዳውሊንግ ጋር የምኖረው ኪራን ነኝ። በቢሮዎ መስኮት ላይ «ወኪል የሚከራይ» የሚል ወረቀት ለጥፏል ብለው የጠረጠሩኝ ልጅ ማለት ነው፤ ስለ እሱ ዛሬ አናወራም። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት የታሸጉት ሳይከፈቱ ስለሚቀሩ ነው። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ስላቆምኩ ቁጥሩ መንገድ ላይ ቢጠፋብኝ አይቀየሙኝ።

አንደኛ፣ ማሞቂያችንን ስላዩልን። አያቴ የሳሎኑ ጋዝ ማሞቂያ ሰማያዊ የነበረው ነበልባሉ ቢጫ መሆኑን፣ ከበላዩ ያለው ግድግዳም ጥላሸት መልበሱን በነገረዎ ጊዜ፣ በሳምንቱ «ማሞቂያው ታይቷል» የሚል ያማረ መልስ ሰጡ። እውነትዎን ነው፣ ታይቷል። የእርስዎ ጥገና ሠራተኛ ዳሪል መጥቶ፣ ወገቡን ይዞ ቆሞ አየው። የማሞቂያውን ፊት በጨርቅ ወለወለ፣ «አንደኛ ነው!» አለ፣ ብስኩታችንን በላና ሄደ። እንዲያ ከሆነማ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ፤ ድመታችን ደግሞ ከሁላችንም አብልጣ፣ ክረምቱን ሙሉ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ሐኪምም «በሽተኛውን አየሁት» ይላል፤ ልዩነቱ ሐኪሙ ሸሚዝ ያስወልቃል። ማሞቂያም በየሁለት ዓመቱ ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ሸሚዙን አስወልቆ፣ ጭሱ በቱቦው መውጣት አለመውጣቱን በመሣሪያ መለካት እንዳለበት ማን ይንገርዎ? እኔማ ማን ነኝና።

ሁለተኛ፣ ከብርድ ስለጠበቁን። ባለፈው ገና የድርጅትዎ ስም የተጠለፈበት፣ በበር ሥር የሚጋደም፣ አሸዋ የተሞላ የጨርቅ እባብ ለተከራዮችዎ ሁሉ ማደልዎ መቼም አይረሳም። ይህ አልበቃ ብሎዎት በግድግዳው ላይ የነበሩትን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች ዳሪል በአረፋ እንዲደፍናቸው አደረጉ። ዳሪል ደግሞ ቀዳዳ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነው፤ አፌን ከፍቼ አጠገቡ አልቆምም። ብርዱ በእርግጥ ቀረ። ለካ ማሞቂያውም እንደ ማንኛችን አየር ይፈልግ ኖሯል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። አያቴ «ቤቱ ያፍነኛል፣ ራሴንም ያመኛል» ብሎ ቢደውልልዎ፣ «የምድጃውን አየር መሳቢያ ያብሩት፣ ቀለል ይልዎታል» ብለው መከሩት። ሳሎናችንና ወጥ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። መሳቢያው አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ በእባብና በአረፋ በታሸገ ቤት ውስጥ የሚተካ አየር ሲያጣ ግን በማሞቂያው ቱቦ በኩል ከነጭሱ ቁልቁል ይጎትታል። እንዲህ አድርገው ጭስ ማውጫችንን ጭስ ማስገቢያ አደረጉልን። ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ነገር ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ እንደ ቢሮዎ ስልክም ድምፅ የለውም።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ። ይህ ሰው ክለቡ ሄዶ በሣሩ ላይ ኳስ ሲያንከባልል የሚያሸንፈው የለም፤ የእያንዳንዱን ሰው ነጥብ፣ የእያንዳንዱን ሰው የቢራ ዕዳ በቃሉ ይይዛል። ቤት ገብቶ ማሞቂያውን ከለኮሰ በኋላ ግን ስሜን በድመቷ ስም ይለውጠዋል። አክስቴ ሎሬይን «አባባ አረጀ፣ የአረጋውያን ማቆያ ይሻለዋል» ማለት ጀመረች። እኔ የማድረው በጓሮ ባለው ክፍል ስለሆነ ጭሱ ብዙም አልነካኝም፤ የኔን ራስ ምታት አክስቴ በቢራ አሳብባዋለች፤ ሁልጊዜም አልተሳሳተችም።

እንዲህ እያለን ባለፈው ማክሰኞ ለተለመደው የቤት ፍተሻ መጡ። የምድጃውን ሆድ በባትሪ ፈተሹ፣ የመጋረጃውን ጫፍ በጣትዎ ዳሰሱ፤ ማሞቂያው አስቀድሞ የታየ ስለሆነ አለፉት። ውጭ በረዶ ይጥል ስለነበር አያቴ ሻይ ጋበዘዎ። እርስዎም «እንዴት የሚሞቅ ቤት ነው!» ብለው ተቀመጡ፤ ምክርዎ በተግባር እንዲታይም አየር መሳቢያውን በገዛ እጅዎ አበሩት።

እኔ ከጓሮ ገባ ወጣ እያልኩ ሳይ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆዩ በኋላ ግንባርዎን ማሸት ጀመሩ። አያቴን ስንት ልጆች እንዳሉት ጠየቁት፤ መለሰልዎ፤ ሻይዎን ፉት አሉና ስንት ልጆች እንዳሉት ጠየቁት። ቀጥለው «ቁልፌን ያየ አለ? እዚህ ነበር እኮ!» እያሉ የሶፋውን ትራስ ሁሉ ገለበጡ። ቁልፉ በግራ እጅዎ ነበር። ያን ጊዜ አያቴ በአዘኔታ ትከሻዎን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ ጓዴ፣ እኔንም እንዲሁ ነው የጀመረኝ» አለዎ።

እኔ በሳቅ ልፈርስ ነበር። ከዚያ ሳቄ ቀጥ አለ። አያቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እርስዎ ግን ገና ፀጉርዎን ጄል የሚቀቡ ሰው ነዎት። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ከሰዓት አያረጅም። ማሞቂያውን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ሁሉ በርግጄ፣ ሁለታችሁንም እየጎተትኩ ሣሩ ላይ አወጣኋችሁና ለጋዝ አደጋ መከላከያ ደወልኩ። በጽጌረዳችን ላይ ያደረጉትን፣ ለክብርዎ ስል፣ አልጽፈውም። የመጣችው ባለሙያ ለካችና «ይሄ ቤት አይደለም፣ ክዳን ያለው ድስት ነው» ብላ ማሞቂያውን እንዳይበራ ዘጋችው።

ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ? በሁለተኛው ቀን ለአክስቴ ደውለው፣ «ማሞቂያው ታይቷል፤ አባትዎ ግን ያለ ተንከባካቢ መኖር የሚችሉ አይመስለኝም» አሏት። እሷም አያቴን ጭና ቤንዲጎ ወዳለው ቤቷ ወሰደችው። እዚያ በካርታ ያላሸነፈው ሰው የለም፤ ስሜንም ከነአባቴ ስም ይጠራል። አክስቴ ግን «ተመልከት፣ የዱባ ሾርባዬ ነው እንዲህ ያደረገው» ትላለች። ስለ ጋዙ ብነግራት «አንተ ደግሞ! ጣሪያችንን ፖሰም የሚሉት የሌሊት አውሬ ገዝቶታል ያልከኝ ልጅ አይደለህ? ማሞቂያው ይበላሽ፣ አባቴ ማሞቂያ አይደለም» ብላ ዘጋችብኝ። ቅዳሜ ማቆያው ልታስገባው ነው። እሱ ደግሞ ትናንት በሹክሹክታ ደውሎ «ኪራን፣ ቤቴን እፈልጋለሁ» አለኝ። ቀልድ አልጨመረበትም፤ አያቴ ቀልድ ሳይጨምር ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። እኔን የሚያምን የለም፤ እርስዎ ግን ከረባት አለዎት። እባክዎ ከቅዳሜ በፊት ለአክስቴ ይደውሉና በዚያ ሳሎን ከሰዓት በላይ ተቀምጠው በእጅዎ የያዙትን ቁልፍ እንደፈለጉ፣ ንጹሕ አየር ላይ ሲወጡ ግን አእምሮዎ እንደተመለሰልዎ ይንገሯት። ካፈሩ «አንድ የማውቀው ሰው» እያሉ ያውሩት፤ እኔ አላጋልጥዎትም፣ ከዚህ ግልጽ ደብዳቤ በቀር። ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ፤ አዲሱን ማሞቂያም ፈቃድ ያለው ሰው ይግጠመው። ዳሪል ከፈለገ ቆሞ ይይ።

የደፈኑትን ሁሉ ለመክፈት፣ የከፈቱትንም አፍ ለማረም ኃይልና ጤና እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ሁለት ሹራብና የአያቴን ካፖርት ደርቤ እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ ብርዳም ተከራይ
ኪራን ዳውሊንግ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በቢሮዎ በር ላይ ስለጥፍ በመስተዋቱ አሻግሬ ባይ፣ ከጠረጴዛዎ ኋላ ያለው ማሞቂያ የኛው ወንድም ነው፤ ነበልባሉም ቢጫ ነው። ይህን ሲያነቡ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ካነበቡት፣ የኔ አጻጻፍ ጥፋት ነው ብለው አይለፉት፤ መስኮት ይክፈቱ።