ጣራቸውን በገዛ እጃቸው የጠገኑት የአቶ ከፋለ አለሜ የሕይወት ታሪክ

አቶ ከፋለ አለሜ በሕይወት ዘመናቸው አንዳች ነገር ፈርተው አያውቁም፤ ቤታቸውንም የሙያተኛ እጅ ነክቶት አያውቅም። ከሁለቱ እውነቱ ሁለተኛው ብቻ ነው።

የተወለዱት ከአባታቸው ከአቶ አለሜ ገብረ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገለቴ ምስጋኑ በ1932 ዓ.ም. ኩልመስክ አጠገብ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል። ቅኔ ቤት ግን አልቆዩም፤ የመምህራቸው ጎጆ በር ተጣሞ ቢያዩ ሊያቀኑት ነቀሉት፣ መልሶ መግጠም ሲያቅታቸው መምህራቸው ከሄዱበት ሳይመለሱ እርሳቸው በዚያው ወደ ላሊበላ መጡ። ከዚያም በሆቴል ዘበኝነት እስከ ጡረታ አገልግለዋል።

በ1955 ዓ.ም. ወይዘሮ ባንችይርጋን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሰብሌንና ምናለን ወልደዋል።

በ1986 ዓ.ም. የሣሩን ክዳን አንስተው ቤታቸውን ራሳቸው ቆርቆሮ አለበሱ። ምስማሩን ግን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መምታት ሲገባቸው ውኃ በሚወርድበት ቦይ መቱት። በክረምቱ ቤቱ እንደ ወንፊት አፈሰሰ። እርሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን የጧፍ ቁራጭ እየለቀሙ ቀዳዳውን በሰም ደፈኑት። ሰሙም ፀሐይ በወጣ ቁጥር እየቀለጠ በባለቤታቸው ነጠላ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ጣራው ላይ መውጣት ግድ ሆነ። ቤቱ ገደል አፍ ላይ ነውና እርሳቸው ዳዊት እየደገሙ ሲወጡ ወይዘሮ ባንችይርጋ መሰላሉን ይዘው «አንቱ ሰውዬ፣ ይውረዱልኝ» ይሉ ነበር። «እኔ ምን ያስፈራኛል» ይሏቸዋል።

በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ጤና ጣቢያ «እርጥበት ካገኛቸው አይተርፉም» ተባለ። የዚያኑ ሳምንት የክረምቱ የመጨረሻ ዝናብ ከነነፋሱ መጣ። አልጋው ቢዞር ቢዞር የማያፈስ ጥግ ጠፋ። ምናለ ለሥራ ወደ ኮን ከተማ ሄዷል፤ ሙያተኛ ይጠራ ሲባል እርሳቸው ብርድ ልብሱን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዚህ ጊዜ የሰብሌ ልጅ እየሩስ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ከባጃጅ ጎማ የቆረጠችውን ክብ ክብ ቁራጭ በኪሷ ይዛ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ጣራው ላይ ወጣች። በቦዩ ያለውን ቀዳዳ ለመድፈን፣ አዲሱን ምስማር ደግሞ ከነጎማው በጉብታው ላይ ለመምታት ነበር።

ወጥታ ስታበቃ ግን እጇ ከመሰላሉ አልላቀቅ አለ። ቆርቆሮው ርሷል፤ ነፋሱ አንዱን ጫፍ እያነሳ ያላትመዋል፤ ከታች ገደሉ ጉም ለብሷል።

«አባባ፣ ቤቱ ወደ ገደሉ እያዘነበለ ነው» አለች።

«ቤቱ አይደለም፣ ጉልበትሽ ነው» አሉ ከአልጋቸው፣ በቀዳዳው በኩል። «ምስማር ባለበት ርገጪ፤ ከሥሩ ማገር አለ። ሌላው ባዶ ነው።»

ምስማር እየፈለገች ተሳበች። አንድ ጊዜ እግሯ አድጦ እስከ ጫፉ ድረስ ወረደችና ተረከዟ ምስማር ላይ ተያዘ። እዚያው ሆና ወደ አያቷ ጮኸች።

«የእርስዎም ጉልበት እንዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

አቶ ከፋለ ሳላቸውን ጨርሰው፣ «አንድም ቀን ሳይንቀጠቀጥ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ለአያትሽ እንዳትነግሪ።»

«መሰላሉን ይዤ የኖርኩ እኔ፣ ካልተነገረኝ አላውቅም ኖሯል?» አሉ ወይዘሮ ባንችይርጋ ከደጅ፣ መሰላሉን እንደያዙ። «አሁንም ይኸው መሰላሉ እየተንቀጠቀጠ ነው። ምቺና ውረጂ።»

እየሩስ አሥራ ዘጠኝ ምስማር መታች፤ መዶሻው ሁለት ጊዜ አውራ ጣቷን አግኝቷል። አቶ ከፋለም በደረቅ አልጋ ላይ ሁለት ወር ከልጆቻቸው ጋር ኖሩ። ሕመሙ ግን ስለጠናባቸው ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት ማደሪያ፣ ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያኑርልን።

የልጅ ልጃቸው የጠገነችው ጣራም ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሲነበብላቸው ወይዘሮ ባንችይርጋ እዚህ ላይ ቀና ብለው፣

«ከዚያ ወዲህ መቼ ዘነበ?» ብለዋል።