ድልድዩ ላይ ያልተጨበጠ እጅ

ሞንታርቬ፣ እሑድ፣ ኤፕሪል 21

የኔ ቀበጥ ኤሎዲ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ አለሁ። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ በዚህ ቤት ጤነኛ ጠባይ የቀረው ለእነሱ ብቻ ነው። ባንቺ ስም የጠራኋት ጊደር አሁን ትልቅ ላም ሆናለች፤ ባልዲው ሊሞላ ሲል በእግሯ ትደፋዋለች። ስም ሳወጣላት አልተሳሳትኩም።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ስለማታነሺ ነው። የምልክልሽን መልእክት እንደማትከፍቺው ስልኬ ራሱ ያሳብቅብሻል። ወረቀት ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያፈጥብሻል፤ በአውራ ጣት ገፍተሽ አታባርሪውም። በፈጣኑ ፖስታ ነው የምልከው። እስከ ኒውዚላንድ ድረስ “ፈጣን” ማለት ስንት ቀን እንደሆነ ፖስታ ቤት ብጠይቅ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀችብኝ።

ስለ አባትሽ ነው። እባክሽ እዚህ ጋ አትጣዪው።

ወንድምሽ ቲቦ በተቀበረ ዕለት፣ መቃብሩ አፍ ላይ፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እየሰማ አባትሽን አንሴልምን “ተራው ያንተ ነበር” አልሽው። በማግስቱ ሄድሽ። አልወቅስሽም። ወንድሟን አፈር እያለበሰች ያለች ልጅ የምትለውን መርጣ አትናገርም። ነገሩም ውሸት አይደለም፤ ተራው የእሱ ነበር። አባትሽ በትኩሳት ተኝቶ ነበር፣ ቲቦ የተራራ መሪነት ተራውን ተቀበለለት። ደንበኛውን የቄሱ ቀሚስ ከምንለው የበረዶ ቦይ አናት ላይ በገመድ ይዞ ቀስ አድርጎ አወረደው፣ ከዚያ ራሱ ሲከተል ወደቀ። መሪውን ከላይ በገመድ የሚይዘው ሰው የለም። ደንበኛው ደህና ቤቱ ገባ። ይህን ሁሉ ከእኔ አሳምረሽ ታውቂዋለሽ፤ የምጽፈው አባትሽ በየማለዳው ቁርስ ላይ ስለሚደግመው ነው።

“ትኩሳት ነበረህ እኮ አንሴልም” እለዋለሁ።

“በዚያች ትኩሳት ሰው ሥራ ይሠራል።”

“አልጋው ላይ ስትቃዥ በእናታችን ስም ስትጠራኝ አልነበረም እንዴ?”

“እናታችን ከአንተ ትሻል ነበር” ይለኛል። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብቻውን መውጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ኬብል መኪና ይወጣል፣ ያንኑ የበረዶ ቦይ ብቻውን ይወርዳል። “አየሩ ጥሩ ነበር” ብሎ ይመለሳል። እኔም ሐዘኑን እያወጣ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን አይብ ላደርስለት ስሄድ ያቺ ደረት ላይ የሚያስሯት መሣሪያ፣ ናዳ ሰው ሲውጥ የት እንዳለ የምትጠቁመዋ፣ የዳቦው ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣለች። ሲመለስ ጠየቅኩት።

“ባትሪዋ አልቋል” አለኝ።

እሱ ጫማውን ሲያወልቅ ከፈትኳት። ባትሪዋ ሙሉ ነበር።

ኤሎዲ፣ አንቺ የተራራ መሪ ነሽ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳሽ አይገባም። እንዲያገኙት የማይፈልግ ሰው ነው እቤት ትቷት የሚወጣው።

ብለምነው ሰማኝ? ብቆጣው ሰማኝ? ስለዚህ የምችለውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ተንኮል። መሪዎች ቢሮ ሄድኩ። ኮለት ተራ መደልደያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቀባለች።

“ፊርሚን፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆሰቁስ መጣህ?”

“መሪ ልቀጥር። ለቄሱ ቀሚስ።”

“ለማን?”

“ለእኔ።”

እስክታነባ ሳቀች። በርሜል ጣውላ ላይ ብቻውን ስኪ የተማረ፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ አይብ ሠሪ! ከዚያ ተራው የአንሴልም መሆኑን ሳስታውሳት ሳቋ ቆመ። ምንም ሳትጠይቀኝ ጻፈችኝ። ተራው የደረሰው መሪ ከአየር ጠባይ በቀር በምንም ምክንያት ደንበኛ አይመልስም፤ ሕጋችን ነው። እና አንሴልም በዕድሜው ሙሉ ደንበኛ ተራራ ላይ ጥሎ አያውቅም። እኔን ገመዱ ላይ ካሰረ መመለሱ ግድ ነው አልኩ። ብልጥ መስዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኬብል መኪናው በር ላይ ስኪዬን ይዤ ቆሜ አገኘኝ።

“አንተ ነህ ደንበኛው?”

“አዎን ጌታው። ጨዋ መሪ ነው ብለውኝ ነው።”

“ያምሃል።”

“ደንበኛ አይሰደብም። ለኮለት እከስሃለሁ።”

አናቱ ላይ ወገቤን አሰረኝ። ከበታቼ የሚታየኝ የመንደራችን የቤተ ክርስቲያን ጣራ ነው፤ ምራቄን ብተፋ እዚያ የሚያርፍ መሰለኝ። ቀስ እያለ ለቀቀኝ። እኔ በጎን እየተንሸራተትኩ፣ እየጮኽኩ፣ የማላውቀውን ቅዱስ ሁሉ እየጠራሁ እወርዳለሁ። ገመዱ ሲያልቅ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፣ እሱ ያለ ገመድ ወደ እኔ ይወርዳል።

የፈራሁት ገደሉን እንዳይመስልሽ። ያቺን ጥበቃ ነው። የስኪው ስለት በረዶውን ሲፍቅ ይሰማኛል፣ ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ አጠገቤ ይቆም ይሆን ወይስ አልፎኝ ይሄድ ይሆን እላለሁ። ይቆማል። ገመዱን ይሰበስባል። እንደገና ይለቀኛል። እንደገና እጠብቃለሁ።

ቲቦ የወደቀበት ጋ ስንደርስ ቆመ። በረዶውን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

“እዚህ ጋ ነው ስለቱ ያልያዘለት” አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ “ገመዱን ልፍታልህ። ከዚህ በታች ላም እንኳ ትወርደዋለች።”

“እንግዲያው ላም ቅጠር። እኔን ብትፈታኝ መንደሩ እስኪሰማ ነው የምጮኸው።”

“ፊርሚን።”

“አልሰማህም።”

ሳይፈታኝ አወረደኝ። መንደር ገብተን ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ እንደ ልማዳችን፣ ጓንቱን አውልቆ እጁን ዘረጋልኝ። መሪና ደንበኛ ድልድዩ ላይ እስኪጨባበጡ ድረስ ኃላፊነቱ የመሪው አይደል? እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩት።

“ጨብጠኝ።”

“አልጨብጥም።”

“ሰው እያየን ነው፣ ፊርሚን!”

“ይይ። ገና አልተመለስኩም። ራበኝ፣ ወደ ቤትህ ውሰደኝ።”

ወሰደኝ። ምን ያድርግ! ሾርባ ሠራልኝ፣ አልጋ አነጠፈልኝ። በማግስቱ ኮለት እንደገና ጻፈችኝ፣ እንደገና ወረድን፣ እንደገና እጄን ኪሴ ከተትኩ። የመንደሩ ሰው በመስኮት ብቅ እያለ “ዛሬም አልጨበጥክም ወይ?” እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ እሱ ቤት ገብቼ ጉልበቴን ሙቅ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፍና በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ አዳምጣለሁ።

አሁን የምነግርሽ ነገር ይከብደኛል። ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ላሞቹን አይቼ መጣሁ።

ትናንት አንሴልም ቢሮ ሄዶ የመሪነት ባጁን መለሰ። ኮለት እንዳለችኝ፣ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው፣ መዝገብ ላይ የነበረውን ተራውን ሁሉ አሰረዘ፣ ስለ ሥራዋ አመሰገናትና ወጣ። ሮጬ ደረስኩበት።

“እኔን ማን ያወርደኛል?” አልኩት።

“ሌላ መሪ ቅጠር።”

“የጀመርከኝ አንተ ነህ። እጅ አልተጨባበጥንም።”

“እጅህን ኪስህ ውስጥ ብታበሰብሰው ግድ የለኝም” አለኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ በእርጋታ። “እኔ መሪ አይደለሁም፤ አንተም ደንበኛዬ አይደለህም። ወንድሜ ነህ። ወደ ላሞችህ ሂድ።”

እንደታዘዝኩት ወደ ላሞቼ ሄድኩ።

ዛሬ ደግሞ ለምሳ ሳልጠራው መጣ። ጢሙን ተላጭቷል። ቲቦ ከሞተበት ከማርች ወዲህ ሰሃኑ ላይ ያለውን ጨርሶ ሲበላ ያየሁት ዛሬ ነው። ያቺን የቄሱንና የአህያዋን ወሬ አወራሁለት፣ መቶ ጊዜ የሰማትን፤ ሳቀ። አንቺ በልጅነትሽ እንዴት እንደምትወድቂና እንደማታለቅሺ አነሳ። “ከሁላችንም ኤሎዲ ነች ጥሩ እግር ያላት” አለኝ። ሲወጣ በሩ ላይ አቀፈኝ። አንሴልም! በእናታችን ቀብር እንኳ ትከሻዬን መታ አድርጎ ያለፈ ሰው!

ሌላ ሰው ቢሰማ ዳነልህ ይለኝ ነበር። ለእኔ ግን ስንብት ነው የመሰለኝ፤ እሱ ከበሩ እንደወጣ ወረቀት ፈልጌ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ነገ ከእሱ ቀድሜ ኬብል መኪናው በር ላይ እቆማለሁ። ከነገ ወዲያም። ግን እኔ አንድ ሽማግሌ ነኝ፤ ተራራው ብዙ በር አለው፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም ያውቃል። እኔ ማድረግ የምችለውን ጨረስኩ፣ ልጄ። ያሰርኩት ገመድ ሁሉ ተፈታ። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ይቅር በይው አልልሽም፤ ይቅርታ በፖስታ አይታዘዝም። እንድትዋሺለትም አልፈልግም፣ ውሸት ያውቃል። ደውዪለትና የፈለግሽውን ተናገሪው። ስደቢውም ከፈለግሽ። ብቻ ከዚያች ከመቃብሩ ቃልሽ ሌላ፣ ከእሷ በኋላ የመጣ አንድ ቃል ይስማ። አሁን በጆሮው ያለችው የመጨረሻዋ እሷ ናት።

የአባትሽ ስልክ እንደ ድሮው ኩሽና ነው። ቶሎ አያነሳም፤ ረጅም ጊዜ አስጠሪው።

እግዚአብሔር ከእግርሽ በታች ያለውን በረዶ ያጽናልሽ። ከላይ ያለውን ይያዝልሽ። የምትመሪያቸውን ሁሉ በደህና ለቤታቸው፣ አንቺንም በደህና ለእኛ ያብቃሽ።

በእሱ ፈንታ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ከሆንኩ ግን፣ ከእኔ ቀልድ አትጠብቂ።

የሚወድሽ አጎትሽ
ፊርሚን