እናቴን ምሰሶ ሥር ስላቆዩልኝ ምስጋና

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ባላችሁበት ጤና እንዲበዛላችሁ፣ ፈጣሪም መንገደኛ ከመሆን እንዲሰውራችሁ እመኛለሁ። እኔ አናጺ ነኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ እናቴን እስከ በርዎ የሸኘሁት፣ ሌላ ከተማ ያለችውንና ለዓመታት አኩርፋት የኖረችውን እህቷን ይቅርታ ልትጠይቅ በስንት ጭንቅ ከቆረጠች በኋላ ነው። ስለተደረገላት መስተንግዶ የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. «በእግሬ እሄዳለሁ» ብትልም፣ ሠራተኛዎ «እማማ፣ ደንብ ነው» ብሎ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ አንድ ወፍራም ምሰሶ ሥር አቁሟት፣ «መጣሁ» ብሎ ሄዷል። መቼ እንደሚመጣ ስላልተናገረ ዋሸ ለማለት አልደፍርም።

2. የድምፅ ማጉያዎ ጥሪ ከማስነጠስ ስለማይለይ እናቴ በየጥሪው «ይማርህ» ስትል ቆይታ፣ አውሮፕላኑ ጥሏት ተነሥቷል።

3. ሻንጣዋን ግን አልረሱትም፤ ስልኳም በውስጡ ተቆልፎበት ነበር። በዚያኛው ማረፊያ ደጅ ላይ መምጣቷን በሰው በሰው ሰምታ ስትጠብቅ ለነበረችው አክስቴ፣ አንድ ባልደረባዎ ሻንጣውን አውጥተው «እሳቸው የሉም፤ ዕቃቸው ይኸው» ብለው በትሕትና አስረክበዋታል። አክስቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በኩርፊያው ምክንያት የእኔ ስልክ ቁጥር ስለሌላት ማንንም መጠየቅ አልቻለችም፤ በሚቀጥለው በረራ ለቀብር መጣች።

ከአውሮፕላን ወርዳ ደረቷን እየደቃች በአዳራሹ ስታልፍ፣ ሟቿን ምሰሶው ሥር ብስኩት ስትበላ አገኘቻት። «ሞተሻል እኮ!» ብላ ጮኸች። እናቴም ግራ ገብቷት «ኧረ ገና አልጠሩኝም» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይቅርታ መጠየቅ እንደነበረበት ያስታወሰ የለም። በአክስቴ ስልክ ደውለውልኝ ስደርስ አንገት ላንገት ተቃቅፈው አንዴ ሲስቁ አንዴ ሲያለቅሱ ነበር፤ የጥበቃ ሠራተኛዎም መተላለፊያ ዘግታችኋል ብሎ ገሥጿቸዋል።

ስንት ሽማግሌ ተመላልሶ ያቃተውን እርቅ ሥራውን ባለመሥራት ብቻ ላወረደው መሥሪያ ቤትዎ የቤተሰባችን ምስጋና ወሰን የለውም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የመንገደኛዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ትናንት ወደ እናቴ ስልክ «በረራዎ እንዴት ነበር?» የሚል መልእክት ልካችኋል። ባነብላት «የቱ በረራ?» ብላለች። መልሱን እርስዎ ያውቁት እንደሆነ ብዬ ነው።