ስለ ብሩክታይት ኬክና ስለ እኔ ሞት

ነፍስን ከሥጋ ያዋሐደ፣ ቀኑ ሲደርስም የሚለያያቸው አምላክ ከሰዎቹ ምስክሮች አስቀድሞ ምስክሬ ይሁን።

እኔ በክርስትና ስሜ ወለተ ኢየሱስ፣ ሰው በሚጠራኝ ስም የሺእመቤት ይታገስ፣ ትውልዴ ሞጣ፣ ኑሮዬ ብቸና፣ ዛሬ መጋቢት ፲፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በገዛ ቤቴ በአልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ሰውነቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን አልደከመም። ቃሌን የሚጽፉልኝ ጡረተኛው መምህር ስጦታው ናቸው። ከእርሳቸው ጋር መሪጌታ አካለ ወልድ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ቢሆነኝ፣ በጤና ጣቢያው የምትሠራው ሲስተር ሰብለ ወንጌል በምስክርነት ተቀምጠዋል። ልጆቼ ባንተአምላክና ስርጉት፣ የባንተአምላክም ሚስት ብሩክታይት እዚሁ አሉ። ስርጉት ከሞጣ የደረሰችው ዛሬ ጠዋት ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ወደ ውስጥ ግቢ ብንላትም አልገባችም።

ነገ ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱኝ ነው፤ ሆዴን ይከፍቱታል። እኔ ግን ከሐኪሙ ምላጭ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነው። ከዚያ አልጋ ሳልነሣ ብቀር ሰው ብሩክታይትን "ገደለቻቸው" እንዳይላት እፈራለሁ። በዚህም ሰበብ ልጄ ባንተአምላክና የስርጉት ባል ደም እንዳይቃቡ እፈራለሁ። ስለዚህ ስለ ቤትና ስለ ቦታ ከመናገሬ በፊት ስለ ኬኩ እናገራለሁ። መምህር ስጦታው ብዕራቸውን አንሥተው "ይህ በኑዛዜ ይጻፋል ወይ?" አሉኝ። "ሌላው ቢቀር ይቅር፤ ይህን ይጻፉልኝ" አልኋቸው።

ብሩክታይት ሉማሜ ተወልዳ ያደገች፣ ደብረ ማርቆስም ኬክ ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ልጄ አግብቷት ወደዚህ ቤት ስትገባ ከልብሷ ሻንጣ ጋር የኬክ መጋገሪያ ፓትራዋን ይዛ ገባች። ዘቢብና ቴምር በብርቱካን ጭማቂ ዘፍዝፋ ታሳድራለች። የብርቱካኑን ልጣጭ በስኳር ታፈላዋለች፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ትጨምራለች፤ ከዚያ ከፉርኖ ዱቄት፣ ከእንቁላልና ከለጋ ቅቤ ጋር አዋህዳ ትጋግረዋለች። መብራት በጠፋ ቀን በድስት አድርጋ ከላይም ከታችም ፍም ታደርግበታለች። በጾም ቅቤውን በዘይት፣ እንቁላሉን በሙዝ ትተካዋለች።

ስለዚህ ኬክ በዚህ ቤት አንድ ሐሳብ ኖሮ አያውቅም። እኔ መጀመሪያ አልወደድሁትም፤ ፍራፍሬም በፍራፍሬነቱ፣ ዳቦም በዳቦነቱ ይበላ ባይ ነበርሁ። መሪጌታ አካለ ወልድ "ዘቢብ የቤተ መቅደስ ነው፤ ለቁርባን የሚዘጋጅ ነገር እንዴት ከኬክ ጋር ይታኘካል?" ብለው ገሥጸውኛል፤ ይሁን እንጂ የቀረበላቸውን አልመለሱም። ስርጉት ደግሞ ኬክ ማለት ከኬክ ቤት በካርቶን ታስሮ የሚመጣ፣ ክሬም ያለበት ነው ትላለች። አንድ ጊዜ በእንግዶች ፊት "በድስት የተጋገረ ምን ኬክ ይባላል?" አለቻት። ብሩክታይትም "የኬክ ቤቱንም የምጋግረው እኔው ነበርሁ። በቤቴ የምሠራው ምን እንደሚገባበት ስለማውቅ ነው" ብላ መለሰችላት። ነገሩ ይኸው ነበር፤ የሁለት ሴቶች የጓዳ ክርክር። ሰው ግን በኋላ ይህችን ክርክር አንሥቶ ምክንያት አደረጋት።

አምና በ፳፻፲፮ ዓ.ም. ለጥምቀት ስርጉት ልጇን ፍሬን ይዛ መጣች። ልጅቷ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው ለበዓሉ ዋዜማ ስለ ነበር ሰው መጣ እንጂ ሸቀጥ አልመጣም፤ በገበያው ዘቢብ ጠፋ። ብሩክታይትም በዘቢቡ ምትክ ለውዝ ወቅጣ ጨመረችበት። በቃና ዘገሊላ ዕለት ሁላችንም ከአንድ ፓትራ በላን። እኔ በላሁ፤ ባንተአምላክ በላ፤ ብሩክታይት ራሷ በላች። ፍሬ ግን ቁራሿን ሳትጨርስ ከንፈሯ አበጠ፤ ሰውነቷ ሽፍ አለ፤ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ባንተአምላክ ታቅፏት ሮጠ፤ እኛም ተከተልነው። ጤና ጣቢያው ስንደርስ የልጅቷ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ሲስተር ሰብለ ወንጌል መርፌ ወጋቻት። ትንፋሿ ሲመለስና ስታለቅስ ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ሲስተር ወጥታ "አለርጂ ነው። የልጅቷ ሰውነት ለውዝ አይቀበልም። ለእናንተ ምግብ የሆነው ለእሷ መርዝ ነው" አለችን። ደጅ ቆሞ የነበረው ሰው ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዲቱን ቃል ብቻ ይዞ ሄደ። መሪጌታ "ሰሙን ይዘው ወርቁን ጥለውት ሄዱ" ያሉት ለዚህ ነው። በማግሥቱ ብሩክታይት የባሏን እኅት ልጅ መርዝ አበላች ተብሎ በብቸና ተወራ። ውርሱን ለመጠቅለል ነው ተባለ። ወሬው ከስርጉት ቀድሞ ሞጣ ደረሰ።

የስርጉት ባል ፋንታ ልጁን የሚወድ፣ ቁጣው ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነው፤ ክፉ ነው አልልም። ለባንተአምላክ ደውሎ "ልጄስ ተርፋለች። እናታችሁ አንድ ነገር ቢሆኑ ግን የምጠይቀውን ሰው አውቃለሁ" አለው። ባንተአምላክ ስልኩን ዘጋበት። በዚያው ሰሞን የአባቱን ጠመንጃ ከሣጥን አውጥቶ ሲወለውል አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ብሩክታይት በማኅበራችን ያቀረበችው ዳቦ ሳይቆረስ ተመለሰላት። በእድሩ ድንኳን ወጥ አትንኪ ብለው ሽንኩርት አስላጧት፤ ቆይተው ሽንኩርቱንም ከእጇ ወሰዱባት። ስርጉትም ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ቤት አልመጣችም፤ ልጅቷንም አላየኋትም። ለእኔ ምግብ ስታቀርብ ብሩክታይት ፊቴ ቆማ አስቀድማ ትቀምሳለች። "ልጄ፣ እኔ መቼ ጠረጠርሁሽ?" ብላት "እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ በመስኮት ለሚያየው ሰው ነው" አለችኝ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሜ። ሆዴን የታመምሁት ብሩክታይት ወደዚህ ቤት ሳትመጣ፣ ባለቤቴ ገብረ ማርያምም በሕይወት ሳለ ነው። የባሕር ዳር ሐኪሞች በመሣሪያ አይተው ጨጓራዬ ላይ ዕጢ አግኝተዋል። ሲስተር ሰብለ ወንጌልም "ይህ ዕጢ ምግብ ካበሰለ ሰው እጅ አይመጣም" ብላ አሁን በሁላችሁ ፊት ተናግራለች። ስለዚህ ብሞት የገደለኝ ዕጢው ነው። በእኔ ሞት ማንም ማንንም አይጠይቅ፤ አይክሰስ፤ አይበቀል። ከልጆቼ ይህን ቃል የሚተላለፍ ቢኖር ከውርሴ ነቅዬዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የገብረ ማርያም ጠመንጃ ለማንም አይወረስም፤ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ። ባንተአምላክ "እማዬ፣ ቤቴን የምጠብቅበት ነው" አለ።

"ከማን?" አልሁት።

ወደ ስርጉት ተመለከተ።

"ከእርሱ የምትጠብቅበትን ሰው ስም ጥራልኝና መምህር ይጻፉት" አልሁት።

ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጠመንጃውንም አምጥቶ በአቶ ቢሆነኝ እግር ሥር አኖረው። አቶ ቢሆነኝ በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ፤ እስኪመለሱ ድረስ ጽሕፈቱ ቆመ። የት እንዳኖሩት እኔ አልጠየቅሁም፤ ልጄም አይጠይቅ።

ይህ የብቸና ቤት ከነጓዳውና ከነመጋገሪያው የባንተአምላክና የብሩክታይት በአንድነት ይሁን። የብሩክታይትን ስም ለይቼ የጠራሁት ነገ ሰው ባሏን ገፋፍቶ "ውጪ" እንዳያስብላት ነው። ከአባቴ ያገኘሁት የሞጣው ቦታ ከነብርቱካን ዛፎቹ የስርጉት ነው። አባቷ ባንተአምላክን ሲያስተምር እርሷን ከትምህርት አውጥቶ ዳራት። ይህ እስከ ዛሬ በልቧ አለ፤ እውነቷን ነው። ቦታው ያን ባይክስም ባሏን ሳታስፈቅድ የምትቆምበት መሬት ይሆናታል። የአንገቴ የወርቅ መስቀል የፍሬ ነው።

ፍሬ በተረፈች ዕለት ለኪዳነ ምሕረት የጥላ ስለት ተስያለሁ። ጥላው ተገዝቶ በሣጥኔ ተቀምጧል፤ መቆም ተስኖኝ አላደረስሁትም። ስርጉትና ብሩክታይት ሁለቱም ይዘውት ሄደው ያግቡልኝ፤ አንዷ ብቻዋን ብትወስደው ስለቴ ደረሰ አልልም።

ስለ ኬኩም ልናገር። በዚህ ቤት መጋገሩ አይቅር። እኔ ያልወደድሁትን ነገር ለምጄው ነበር፤ ብሩክታይት ከፍሬ ሕመም በኋላ ኬክ መጋገር ካቆመች ወዲህ ናፍቆኛል። ከኬክ ቤት ይሻላል የሚል ከኬክ ቤት ያምጣ፤ በቤት ይሻላል የሚል በቤት ይጋግር፤ በዚህ አትጣሉ። ለውዝ ግን ከዚህ ጓዳ ለዘለዓለም ይውጣ። የኬክ ቤቱም ቢሆን ምን እንደገባበት ሳይጠየቅ ወደ ልጅቷ አይቅረብ። ይህም ለአስተማሪዋና ለጎረቤት ሁሉ ይነገር፤ እንደ ነውር አይደበቅ። የተዝካሬን ወጥ የምትሠራው ብሩክታይት ናት። እርሷ ስለሠራችው አልበላም የሚል ሰው ተዝካሬ ላይ አይምጣ፤ አልቀየመውም።

ነገ የሚያስታምመኝን በተመለከተ፣ የሕመሜን ነገር ሁሉ የምታውቀው ብሩክታይት ናት። መኪናው ግን ሞጣ ያድራል፤ የምናድረውም በፋንታ ቤት ነው። በእርሱ ጣራ ሥር እንድታድር ማድረግ አልደፈርሁም። ስለዚህ እዚህ ቀርታ ስርጉት ትወስደኛለች። ይህን ያዘዝሁት ስለ ናቅኋት እንዳይመስላት፤ ፈርቼላት ነው።

ይህን ስናገር ስርጉት ከበሩ አጠገብ "እማዬ፣ እኔ መርዝ ነው አላልሁም" አለች።

"አላልሽም። ሲባል ግን ትሰሚ ነበር" አልኋት።

እርሷም እንዲህ አለች፦ "ፈርቼ ነው። ልጄ በእጃችን ላይ ጠቁራ ሳያት፣ በአንዲት ቁራሽ ኬክ ነው ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ኬክ ሰው ይገድላል ብዬ ልመን? ሰው ሰውን እንደሚገድል ግን አውቃለሁ። የማውቀውን መፍራት ቀለለኝ።"

ብሩክታይትም "እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ፓትራውን አንሥቼው አላውቅም" አለች። "እኔ ባልጋግረው ኖሮ እላለሁ። ምነው አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ በሰደብሽኝ። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው፤ ለዝምታሽ ምን ልመልስለት?"

አንዳቸውም አላለቀሱም። ታረቁ ብዬም አላስጽፍም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ስርጉት ተነሥታ ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ከማን ጋር እንደምትነጋገር ሁላችንም አወቅን፤ ድምፅዋ ይሰማ ነበር፤ ቃሉ ግን አልተለየልንም። ባንተአምላክ ሊወጣ ሲል መሪጌታ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

እኔ የምለውን ጨርሻለሁ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ከነፍርሃቴ እሄዳለሁ። ይህ ቃል መምህር ስጦታው እንደ ጻፉት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦልኛል፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለበትም። ብዕር መያዝ ስለሚያቅተኝ በፊርማ ፈንታ የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬበታለሁ።

የሺእመቤት ይታገስ (ወለተ ኢየሱስ)፣ የጣት አሻራ

ሲነገር ሰምተን፣ ሲነበብ አዳምጠን፣ አሻራቸውን ሲያኖሩ በዓይናችን ያየን ምስክሮች፦
መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ፊርማ
አቶ ቢሆነኝ፣ ፊርማ
ሲስተር ሰብለ ወንጌል፣ ፊርማ
መምህር ስጦታው፣ ጸሐፊና ምስክር፣ ፊርማ

ከፊርማው በኋላ ወራሿ ወይዘሮ ስርጉት ወደ ቤት ተመልሳ "እኔም ልጻፍበት" አለች። ወራሽ ምስክር ሊሆን እንደማይችል ተነገራት። "ምስክርነት አይደለም" ስላለች፣ ተናዛዟም ስለ ፈቀዱ፣ ከዚህ በታች ያለውን በገዛ እጇ ጽፋለች።

እኔ ስርጉት ገብረ ማርያም፣ ልጄን ፍሬን ያሳመማት ለውዝ ነው፤ ሰው አይደለም። ይህን አሁን ለባለቤቴ ለፋንታ በስልክ ነገርሁት። ብሩክታይትንም ይዤ እንደምመጣ ነገርሁት። "እሷን ይዘሽ እንዳትመጪ" ብሎ ዘጋው። እናቴን ያስታመመች እሷ ናትና ባሕር ዳርም የምታስታምማት እሷ ናት። ነገ ሦስታችን በአንድ መኪና እንሄዳለን፤ ሞጣም በቤቴ እናድራለን። ፋንታ ምን እንደሚል አላውቅም። እፈራለሁ። ብሩክታይት ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች፤ ከበሩ በኩል የምተኛው እኔ ነኝ።