በአዳራሹ በር ላይ ያሉት ስሞች

ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ

ዛሬ እትዬ ለተብርሃን እስከ እድራችን አዳራሽ ድረስ መጥተው፣ በሩ ላይ የመሥራቾቹ ስም ከተቀረጸበት እብነ በረድ የባላቸውን ስም እንድፍቅላቸው ለመኑኝ። ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ ገብረመድኅን በወጣትነታቸው ከአዲግራት መጥተው የአዳራሹን ጣሪያ የሠሩ አናጺ ነበሩ። ከጦርነቱ ወዲህ፣ «የእነዚያ ወገን ስም እዚህ ምን ይሠራል?» የሚሉ በዝተዋል። ትናንት ማታ ደግሞ የእትዬ ቤት በድንጋይ ተመታ።

«እሱ እንደሁ ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል? እኔ ልኑርበት» አሉኝ።

የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። እሺ ማለት አሳፈረኝ፤ እምቢ ብዬ ደግሞ አንድ ነገር ቢሆኑስ? አንጋፋችንን ሼህ ይማምን አማከርኳቸው።

«አንዱ ብቻ ከተፋቀ ነውሩ የሁላችንም ነው» አሉ። «ሁሉንም በጭቃ ምረገው። አላህ ደጉን ቀን ሲያመጣ እናጥበዋለን።»

«የአባትዎም ስም እኮ አለበት።»

«ያንተም አባት አለ። ምረገው።»

ከሰዓት በኋላ ጭቃ አቡክቼ ከላይ ጀመርኩ። የሼህ ይማምን አባት ሸፈንኩ፤ የኔንም አባት ሸፈንኩ። እትዬ ለተብርሃን ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። እጄ ጋሽ ገብረመድኅን ላይ ሲደርስ ክንዴን ያዙኝ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉኝ፣ «ፊደሉ እንዳይጎዳ።»