ያላፈሰው ብየዳ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እጄን የብረቱ ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ሳልታጠብ ነው ልጽፍልህ የተቀመጥኩት። ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ግን በዚህ ደስታዬ ዶርሙን ሁሉ እቀሰቅሳለሁ ብዬ ተውኩት። ዛሬ የቡድናችን የውሃ ታንከር ተፈተነ። የእኔ ብየዳ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ እዚሁ ትምህርት ክፍል ስትማር ወርክሾፑ እንደ ቤትህ ነበር። እኔ ግን እንግዳ ሆኜ ነው የገባሁት። በቡድናችን አራት ወንዶችና እኔ ነን። አምና ሥራ ስንከፋፈል የቡድኑ መሪ፣ ሁላችንም «ሊቀመንበር» የምንለው ልጅ፣ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ሪፖርቱን አንቺ ያዢ» አለኝ። ሪፖርት የሚጻፈው በኮምፒውተር መሆኑን ላስታውሰው እንኳ ፋታ አልሰጠኝም።

ዓመቱን ሙሉ እነሱ ቆረጡ፣ በየዱ፤ እኔ ጻፍኩ። የሴቶች ዶርም በር ቀድሞ ስለሚዘጋ እነሱ አምሽተው ይሠራሉ፤ እኔ ጠዋት ስመጣ ሥራው አልቆ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን መሰርሰሪያ ይዤ ጫፉ ቢሰበርብኝ «ድሮስ ሴት» ሲባል ሰማሁ። ሊቀመንበር ሲሰብር ግን ስቀው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ ሲሰብር የሰበረው እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ስሰብር ሴት የተባለች ሁሉ ሰበረች።

ዘንድሮ ታንከር ሥሩ ስንባል ቆርጬ ተነሳሁ። ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት ወደ ወርክሾፑ መምህር እየሄድኩ «አላውቅም፣ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጓንቱ ስለሰፋኝ አንጓዬ ላይ በሲባጎ አሰርኩት። የመጀመሪያ ብየዳዬ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስል ነበር። እሳቸው አየት ያደርጉና «አፍርሺው» ብለው ይሄዳሉ። አፈረስኩ፣ በየድኩ፣ ደግሞ አፈረስኩ።

እጄ ሲፈታ ለቡድኑ ውርርድ አቀረብኩ። የላይኛውን መጋጠሚያ ሊቀመንበር ይበይድ፣ ውሃው የሚጫነውን የታችኛውን እኔ፤ ያፈሰበት ሪፖርቱን ይጻፍ። እየሳቁ ተስማሙ።

ዛሬ ታንከሩ ሲሞላ ዓይኔን ከመጋጠሚያው አልነቀልኩም። መምህሩ ጎንበስ ብለው የታችኛውን በጣታቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው። ከላይኛው ግን ውሃው እየተንዠቀዠቀ የሊቀመንበርን ጫማ ያርሳል። «የታችኛው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «የእኔ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በዛብኝ። «ጎበዝ» አሉኝ። እሳቸው ይህን ቃል የሚያወጡት እንደ ጥርስ ነው፣ በግድ።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ሲበተን ሊቀመንበር ቀረ። ሊያኮርፈኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አቀርቅሮ «ብየዳ ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ወንድ ስለሆንኩ የማውቅ መሰላቸው። እንዴት ብዬ ልጠይቅ?» አለኝ።

ክው አልኩ። እኔን አታውቅም ብለው አላስነኩኝም፤ እሱን ያውቃል ብለው አላስተማሩትም። ከሁለታችን ሳላፍር «አላውቅም» ማለት የምችለው እኔ ነበርኩ፤ ያዳነችኝም ያቺው ቃል ናት።

ሰኞ ጠዋት እንዲመጣና የላይኛውን አብረን እንድናፈርሰው ነገርኩት። እሺ አለ። ቀጥሎ የሪፖርት መግቢያ በምን እንደሚጀመር ጠየቀኝ። አስረዳሁት፤ አልጻፍኩለትም ግን። ውርርድ ውርርድ ነው።

ለእማዬ ልጅሽ ታንከር ሠራች በልልኝ፤ ከባልዲ ብዙም እንደማይበልጥ አትንገራት። አንተ ግን እውነቱን ጻፍልኝ፤ ያኔ አንተን ማን አስተማረህ? ያፈሰብህም ካለ አትደብቀኝ።

የምትወድህ ታናሽህ