ለሸህ ሰይድ መኪና ፓውዛ ሳስር

ማክሰኞ

አፌ ዛሬም ገደለኝ። አንድ አይሱዙ ሥር ተኝቼ ሽቦ ስፈታ ታደሰ እግሬን ነካ አድርጎ "ውጣ፣ አማትህ መጡ" አለኝ። ጋራዡ የሱ ነው፣ ቀልዱም የዘወትር ነው ብዬ "አማቴ ከሆኑ ሙክት ይዘው ይምጡ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ታደሰ አልሳቀም። አንገቴን ባወጣ የሸህ ሰይድ ጫማ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

ሸህ ሰይድ የሀያት አባት ናቸው። አማቴ ገና አልሆኑም። ሽማግሌ ከላክሁባቸው ቆየሁ። መልሳቸው "አገር ሰላም ይሁንና እንነጋገራለን" ነበር። ይኸው አገሩ ሰላም አልሆነ።

ሀያት ሐራ ከተማ ያለች አክስቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ውጊያው እንደገና ተነሳ። አውቶቡስ ቆመ። ስልክ ጠፋ። ዋናው መንገድ የወታደር መኪና ብቻ ሆነ። የወልድያ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በእግሩ እኛ ከተማ መርሳ እየገባ ነው፣ ከሚመጣው ሁሉ መሀል ፊቷን እፈልጋለሁ። ከሐራ የመጣ ግን የለም።

ሸህ ሰይድ በቆላው ጥርጊያ መንገድ ሄደው ሊያመጧት ነው። አሮጌዋ ላንድሮቨራቸው የፊት መብራቷ እንደ ሻማ ነው። የሳቸውም ዓይን ከመግሪብ በኋላ ጉድጓድና ጥላ አይለይም። ከአንድ ዘመዳቸው ሁለት ፓውዛ ይዘው መጥተዋል።

"ትችላለህ?" አሉኝ።

"እችላለሁ።"

በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። በአማት ፊት አይቀለድም። ስለ ሙክቱ ምንም አላነሱም፣ የባሰው እሱ ነው። ሲሄዱ ታደሰ "አንተ፣ አሞሃል እንዴ?" አለኝ።

ረቡዕ

ፓውዛዎቹን ከፊት ባምፐሩ ላይ አሰርኩ። ብሎኑ ዝጎ እጄን ላጠኝ። ያለኝ፦ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ፣ ናስትሮ። የሌለኝ፦ ሪሌ፣ ከባዱን ኃይል ከማብሪያው የምትቀበል ትንሽ ሳጥን። ያለ ሪሌ የፓውዛው ኃይል በሙሉ በማብሪያው ያልፋል፣ ማብሪያው ይግላል፣ መንገድ ላይ ይቃጠላል። ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፣ ባለሱቆቹ ወደ ደሴ ሸሽተዋል።

ውርጌሳ አጠገብ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቆመ መኪና አለ። ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ ደህና ነው። ሪሌውን ከዚያ ልፍታ ብዬ ለሸህ ሰይድ በትሕትና ነገርኳቸው።

"ባለቤቱ ማነው?" አሉ።

"አይታወቅም ሸህ። ምናልባት ሞቶ ይሆናል።"

"የሞተ ሰው ሐቅ አይሞትም። በሰው ሐቅ በሚበራ መብራት ልጄን አላመጣም።"

ታደሰ ከኋላቸው ሆኖ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እኔም ሆዴ ውስጥ ብዙ ተናገርኩ። ሀያት በመድፍ ድምፅ መሀል ተቀምጣ እሳቸው ስለ አንዲት ሪሌ ይጨነቃሉ። በኋላ ግን ሳስበው፣ እንዲህ ያለ ሰው ያሳደጋት ስለሆነች አይደል እኔ እንዲህ የሆንኩት?

ሌላ ሪሌ የት አለ? አውቀዋለሁ የት እንዳለ። ማሰብ አልፈለግኩም።

ሐሙስ

የባጃጄን የሞተር ማስነሻ ሪሌ ፈታሁ። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ቆማ ነበር፣ አሁን ግን ቤንዚን ቢመጣም አትነሳም። ካለኝ ንብረት ሁሉ እሷ ብቻ ናት። "ይቅርታ እህቴ" አልኳት። ታደሰ ሰምቶ "ለባጃጅ ያለቀስክ የመጀመሪያው ወሎዬ" አለኝ። አላለቀስኩም። ወላሂ አቧራ ነው።

ሀያትን የለመድኩት በዚህችው ባጃጅ ነው። አንድ ሐሙስ ገበያ ሳደርሳት "ይቺ ባጃጅ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ግራ አትዞርም" ብያት መርሳን በሙሉ በቀኝ በቀኝ ዞርኩባት። ስትወርድ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ "አንተ፣ አንድ ቀን እንኳ እውነት ወጥቶህ ያውቃል?" አለችኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ራሷ መጥታ ተሳፈረች። ወደ ግራ ታጠፍ አላለችኝም።

ሁሉን አገናኝቼ ሊመሽ ሲል ማብሪያውን ጫንኩ። አንዱ ፓውዛ ቦግ አለ፣ ሌላው እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ። ሸህ ሰይድ ቆመው ያያሉ። ላብ አጠመቀኝ። ለካ ማሳውን፣ ማለት የኔጋቲቩን ሽቦ፣ ያሰርኩት የባምፐሩ ቀለም ላይ ነው። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅሁት፣ መልሼ አሰርኩ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ስንጥቁ ሳይቀር ታየ። ታደሰ አፏጨ።

ፓውዛውን ከጥሩምባው ጋር ባገናኘው፣ ሸህ ጥሩምባ በነፉ ቁጥር መብራቱ ይጠቅስ ነበር። እጄን በላኝ። ተውኩት። ይኼ እንግዲህ ለታሪክ ይመዝገብልኝ።

"ኬላ ሲደርሱ ፓውዛውን ያጥፉ፣ የጋቢናውን ያብሩ፣ ወታደሮቹ ፊትዎን ይዩት" አልኳቸው።

"ቀልድህ ነው?"

"አይደለም ሸህ። ዓይናቸው ላይ ካበሩባቸው ይተኩሳሉ።"

እስኪለምዱት አብረን ደጋገምነው። መጨረሻ ላይ ደፈር ብዬ "ድንገት ቢበላሽ አብሬዎት ብሄድስ?" አልኩ።

"አይሆንም። መልስ ሳልሰጥህ ከልጄ ጋር በአንድ መኪና ብትቀመጥ ሰው ምን ይላል?"

ሰዉ እየሸሸ ነው። የቱ ሰው?

ዓርብ

ገና ሳይነጋ ሱብሒ ሰግደው ወጡ። ላንድሮቨሯን ከኋላ ሆኜ አየኋት፣ ብርሃኗ የበቆሎውን ማሳ እየጠረገ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። እኔ የሠራሁት ነገር ሀያትን ሊያይ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።

ቀኑ አልገፋ አለ። ጁምዓ ላይ ኢማሙ ዱዓ ሲያደርጉ "አሚን" ስል ድምፄ ከሁሉም በለጠ፣ ጎኔ ያለው ሽማግሌ ገላመጠኝ። በሰሜን በኩል ከባድ መሣሪያ ይጮሃል። ነጎድጓድ ነው እላለሁ፣ ነሐሴ ስለሆነ ማን ይከራከረኛል።

ታደሰ ሊያስቀኝ ሞከረ። የሰው ቀልድ መስማት ይህን ያህል አሰልቺ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሀያት እንዴት ቻለችኝ?

ሲመሽ ይመለሳሉ ብለን ነበር። መግሪብ ሰገድኩ። መንገዱ ላይ ብርሃን የለም።

ቅዳሜ

ከዙሁር ሶላት በፊት ገቡ። ላንድሮቨሯ ጭቃ ብቻ ሆናለች። ወንዝ ሞልቶባቸው ሐራ አድረው ነው። ከኋላ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አንድ አሮጊት፣ አንዲት አራስ። አንድ በአንድ ሲወርዱ እያንዳንዷን ሻሽ አየሁ። አለቁ። ሀያት የለችም።

ሸህ ሰይድ ሲያዩኝ ቶሎ ብለው "አብሽር፣ ደህና ናት" አሉኝ። "ቦታዋን ለአራሷ ለቀቀች። አክስቷም ብቻዋን ናት አለች። እኔው አስተምሬያት በምን አፌ ልቆጣት?"

ውሃ አቀረብኩላቸው። ጠጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ይህን መብራት ማን ሠራው አለችኝ። ነገርኳት። የባጃጁንም ነገርኳት። ሳቀች። ውጊያው ከተነሳ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም አለች አክስቷ።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

"ነገ ሱብሒ እንሄዳለን፣ ወንዙ ከጎደለ።"

"እነማን ሸህ?"

"እኔና አንተ ነና።"

"ሰው ምን ይላል?" ሳላስበው ወጣ። ታደሰ ኮፈኑ ሥር ተደበቀ።

ሸህ ሰይድ አዩኝ፣ አዩኝና "የሚለውን ይበል፣ እመልስለታለሁ" አሉ።

"እሺ። ከኋላ እቀመጣለሁ።"

"ከኋላ ማን ይሰማሃል? ከጎኔ ሆነህ አውራ እንጂ። ትናንት ብቻዬን መንገዱ ረዘመብኝ።"

ይኸው ማታውን ሙሉ እያሰብኩ ነው። ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ? አንድ እንኳ ለሳቸው የሚነገር ጠፋ።